ከባሕር ዳርቻ ደለል የጥንት ሰውን አሻራ ማንበብ፦ ከቁፋሮ እስከ ትርጓሜ

መሰርሰሪያው ከረግረጉ ተስቦ ሲወጣ ከጭቃው ቀድሞ የሚደርሳችሁ ሽታው ነው፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታ። አፍንጫችሁን ከመያዛችሁ በፊት ደስ ይበላችሁ። ሽታው የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ ኦክስጅን ወደዚያ ጥልቀት አልደረሰም ማለት ነው። ኦክስጅን ያልደረሰበት ጭቃ ደግሞ ቅጠሉንም፣ ዘሩንም፣ የአበባ ብናኙንም ለሺህ ዓመታት ሳያበሰብስ ያኖራል።

ሰው ጫካ ሲመነጥር አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ይወርዳል፤ ማዕድን ሲያቀልጥ የጭሱ ብናኝ በየቦታው ያርፋል፤ ከተማ ሲቆረቁር ፍሳሹ ወንዝ ውስጥ ይገባል። አብዛኛው ዞሮ ዞሮ ባሕር ዳርቻ ላይ ይቆማል። ችግሩ ድርቁም፣ ማዕበሉም፣ የባሕር ከፍታ ለውጡም እዚያው ጭቃ ላይ ምልክታቸውን መተዋቸው ነው። አሻራ ማግኘት ቀላል ነው፤ ሰው የሚሳሳተው የማን እንደሆነ ሲለይ ነው። የሚከተለው ቅደም ተከተል ከቦታ መረጣ ጀምሮ ይህን ስሕተት ለመቀነስ የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

“የአካባቢውን ታሪክ ማወቅ እንፈልጋለን” ጥያቄ አይደለም። “የወንዙ አፍ በደለል የተሞላው ገበሬዎች ላይኛውን ተዳፋት ከመነጠሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ?” ጥያቄ ነው። የሁለተኛው ጥቅም ምን ብታገኙ እንደተሳሳታችሁ አስቀድሞ መንገሩ ነው። ምን ያህል ጥልቀት መቆፈር፣ ስንት ናሙና መላክ እንዳለባችሁም ከዚያው ይወጣል።

የጊዜውን ወሰንም አስቡበት። የዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ፣ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲበረታ፣ ባሕሩ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ከዚያ በፍጥነት ወጣ፤ የመውጣቱ ፍጥነት የቀነሰው የዛሬ 7,000 ዓመት አካባቢ ነው። ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ ዴልታዎችና ላጉኖች (በአሸዋ ግድብ ከባሕሩ የተከለሉ ውኃዎች) መልክ የያዙት ከዚያ ወዲህ ነው። የ15,000 ዓመት የባሕር ዳርቻ ታሪክ ከፈለጋችሁ ዳርቻው ያኔ የነበረበት ቦታ አሁን ውኃ ውስጥ ነው፤ በጀልባ እንጂ በእግር አይደረስበትም።

2. ጸጥ ያለ ቦታ ምረጡ

ሞገድ የሚመታው ክፍት የባሕር ዳርቻ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የትናንቱን ደለል ዛሬ ያነሳዋል። የምትፈልጉት ውኃው የሚያርፍበት ቦታ ነው፦ ከአሸዋ ግድብ ጀርባ ያለ ላጉን፣ ጨዋማ ረግረግ፣ የማንግሮቭ (በጨዋማ ውኃ የሚበቅል ዛፍ) ጫካ፣ የወንዝ አፍ ውስጠኛ ክፍል፣ በደለል የተቀበረ ጥንታዊ ወደብ።

ጥሩው ቦታ አንዳንዴ ዛሬ ባሕር ዳር ላይሆን ይችላል። በምዕራብ ቱርክ የምትገኘው ሚሌተስ በጥንት ዘመን ስመ ጥር የወደብ ከተማ ነበረች፤ የቡዩክ ሜንደሬስ ወንዝ ባሕረ ሰላጤውን ሞልቶት ፍርስራሿ አሁን ከባሕሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ በእርሻ መካከል ቀርቷል። ስለዚህ የሳተላይት ምስል ስታዩ የድሮ የወንዝ ጎዳናዎችንና ከባሕሩ ጋር ትይዩ የሆኑ የአሸዋ ቅርጾችን በየብሱ ላይም ፈልጉ።

ጥንታዊ ወደብ ደለልን ስለሚያጠምድ ያጓጓል፤ ግን አንድ ወጥመድ አለበት። ወደብ ሲሞላ ሰዎች ይጠርጉት ነበር። በኔፕልስ ጥንታዊ ወደብ ቁፋሮ ወለሉ ላይ የጠረጋ ጭረቶች ተገኝተዋል። የተጠረገ ወደብ ታሪኩም አብሮ ተጠርጎ ወጥቷል ማለት ነው፤ ከጭረቱ በላይና በታች ባለው ጭቃ መካከል የመቶዎች ዓመታት ክፍተት ሊኖር ይችላል።

የቅርስና የአካባቢ ጥበቃ ፈቃድ ሳይያዝ አንድ ጉድጓድ እንኳ አይቆፈር።

3. ዓምዱን አውጡ

ዓምድ የምንለው ንብርብሩን እንደያዘ ከመሬት ተስቦ የሚወጣውን ረጅም የደለል ቁራጭ ነው። መሣሪያው እንደ ደለሉ ይለያያል። ለለስላሳ ረግረግና አተላማ ጭቃ “የሩሲያ መሰርሰሪያ” የሚባለው ይመረጣል፤ ግማሽ ሲሊንደር የሆነው፣ ብዙ ጊዜ 50 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ክፍሉ ጥልቀቱ ላይ ከደረሰ በኋላ ብቻ ዞሮ ስለሚዘጋ የላይኛው ጭቃ ከታችኛው አይደባለቅም። ከውኃ በታች ላለ ለስላሳ ደለል ፒስተን ያለው ቱቦ፣ ለአሸዋማ ደግሞ በንዝረት የሚገባ ቱቦ ያስፈልጋል።

1. በመጀመሪያ ቀጭን የእጅ መሰርሰሪያ ይዛችሁ ከየብስ ወደ ባሕር በቀጥታ መስመር እየቆፈራችሁ ንብርብሩን መዝግቡ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ የወራት ድካም ያድናል።
2. ንብርብሩ ሙሉ የሆነበትን ቦታ ለይታችሁ ጎን ለጎን ሁለት ጉድጓድ ቆፍሩ። የሁለተኛው ክፍሎች ከአንደኛው መጋጠሚያዎች ጋር እንዳይገጥሙ ጥልቀታቸውን አዛንፉ፤ አንዱ ጋ የጠፋው መጋጠሚያ ሌላው ጋ ይገኛል።
3. የንዝረት ቱቦ ከሆነ ከመሳባችሁ በፊት በቱቦው ውስጥና ከውጭ ያለውን የጭቃ ከፍታ ለኩ። ልዩነቱ ደለሉ ምን ያህል እንደተጨመቀ ይነግራችኋል፤ አንዴ ከተሳበ በኋላ መልሶ የሚለካ የለም።
4. የጉድጓዱን አፍ ከፍታ ከአማካይ የባሕር ወለል አንጻር አስለኩ። ይህ ከሌለ ስለ ባሕር ከፍታ ለውጥ አንዲት ቃል መናገር አትችሉም።

የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት ሳታውቁ አትግቡ፤ ብቻችሁን አትግቡ፤ ለእግራችሁ ሰፊ ሳንቃ አንጥፉ። ጉልበት ድረስ በጭቃ ተይዞ ባሕሩ ሲሞላ ማየት አስተማሪ ነው፣ ግን አልመክርም።

አሁን ምልክት አጻጻፉ። ብዙ ጥሩ ዓምድ የሚበላሸው ላቦራቶሪ ሳይደርስ እዚህ ጋ ነው። እያንዳንዱ ቱቦ ላይ የቦታው መለያ፣ የጉድጓዱ ቁጥር፣ የላይና የታች ጥልቀት፣ ቀን፣ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት፤ በማይለቅ ቀለም፣ ሁለት ቦታ፣ በአካሉ ላይ እንጂ በክዳኑ ላይ አይደለም። ክዳን ይቀያየራል። አንድ ጊዜ ዝናብ እየመጣ ስንቻኮል ሁለት ቱቦዎች ያለ ቀስት ተጫኑ። ከሦስት ወር በኋላ ስንከፍታቸው ሁለቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ግራጫ ሸክላ ነበሩ። የትኛው ጫፍ ራስ፣ የትኛው ጅራት እንደሆነ የሚመሰክር አልተገኘም፤ ሁለት ሜትር ደለል እንደወጣ ቀረ።

ቱቦዎቹን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በጨለማ፣ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አስቀምጡ። በረዶ ማድረግ ቀጫጭን ንብርብሮችን ስለሚያፈርስ ለዲኤንኤ ከሚወሰደው ናሙና በቀር አይመከርም።

4. ክፈቱ፣ ፎቶ አንሱ፣ ግለጹ

ዓምዱን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቁ፤ ለለስላሳ ጭቃ የተወጠረ ቀጭን ሽቦ ወይም የዓሣ መንጠቆ ክር ከቢላ ይሻላል። ፊቱን ስታጸዱ ምላጩን ከጎን ወደ ጎን አስኪዱ። ከላይ ወደ ታች ከጎተታችሁት የቅርቡን ዘመን በጥንቱ ላይ ትቀቡታላችሁ።

ካሜራው ከመሰንጠቁ በፊት ዝግጁ ይሁን። ገና የተከፈተው ጭቃ በብረት ሰልፋይድ ምክንያት ጥቁር ነው፤ አየር ሲያገኘው ዓይናችሁ እያየ ወደ ቡናማ መዞር ይጀምራል። የተለያዩ የነበሩት ቀጫጭን መስመሮች በዚያው ይደበዝዛሉ። ሜትርና የቀለም ካርድ አጠገቡ አስቀምጣችሁ ወዲያው አንሱት።

ከዚያ መግለጫው። ቀለሙን በመደበኛ የአፈር ቀለም መጽሐፍ፣ ቅንጣቱን በጣት፦ ሸክላ ይጣበቃል፣ ደቃቅ ደለል እንደ ዱቄት ይልማል፣ አሸዋ ይሻክራል። የቀድሞ ጂኦሎጂስቶች ጥቂት ጭቃ በፊት ጥርሳቸው እያኘኩ ይለዩ ነበር። እናንተ የምትመረምሩት የጥንት ፍሳሽና የእርሳስ ማከማቻ ሊሆን ስለሚችል በጣት ይብቃችሁ።

ከሁሉ በላይ የንብርብሮቹን ድንበር ተመልከቱ። ቀስ በቀስ የተለወጠ ድንበር ጊዜው ሳይቋረጥ አካባቢው እንደተቀየረ ይጠቁማል። በምላጭ የተቆረጠ የሚመስል ድንበር ደግሞ አንድ ነገር ታጥቦ ሄዷል ወይም በድንገት መጥቷል ማለት ነው። በጭቃ መካከል ያለ የአሸዋ ንጣፍ የሰው ሥራ ከመባሉ በፊት ማዕበልና ሱናሚ ይታሰቡ፤ የዛሬ 8,150 ዓመት ገደማ ከኖርዌይ ዳርቻ ባሻገር በባሕር ሥር በተከሰተው የስቶሬጋ መንሸራተት የተነሳው ሱናሚ እስከ ስኮትላንድ ድረስ እንዲህ ያለ የአሸዋ ንጣፍ ትቷል።

አንደኛውን ግማሽ ሳትነኩ አስቀምጡ። ናሙና የሚወሰደው ከሌላው ብቻ ነው።

5. ምስክሮቹን ለዩ

አንድ ምስክር ብቻውን አያስፈርድም። ቢያንስ አንድ ከመሬቱ፣ አንድ ከውኃው፣ አንድ ከሰው እጅ ይኑራችሁ። ናሙና በየስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወሰድ የሚወስነው የመከማቸቱ ፍጥነት ነው፤ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ከተከማቸ አንድ ሴንቲ ሜትር 10 ዓመት ነው።

*ማቃጠል።* በጣም ርካሹ ምርመራ ነው፤ ሁልጊዜ በእሱ ጀምሩ። ናሙናውን ሙቀት በሚችል ትንሽ የሸክላ ስኒ በ105 ዲግሪ አሳድራችሁ አድርቁና መዝኑ። በ550 ዲግሪ ለ4 ሰዓት አቃጥላችሁ እንደገና መዝኑ፤ የጎደለው የብስባሹ መጠን ነው። በ950 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ሲቃጠል የሚጎድለው ደግሞ ከካርቦኔት የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የስኒው ክብደት ተቀንሶ ደረቁ ናሙና 2.00 ግራም ቢሆን፣ ከ550 በኋላ 1.70፣ ከ950 በኋላ 1.60 ቢሆን፦ ብስባሹ 15 በመቶ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 5 በመቶ ነው፤ ካርቦኔቱን ለማግኘት 5ን በ1.36 አባዙ፣ 6.8 በመቶ ይሆናል። ሸክላ የበዛበት ናሙና በውስጡ የያዘውን ውኃ በሙቀቱ ስለሚለቅ ብስባሹን አጋንኖ ያሳያል።

*የውኃው ምስክሮች።* ዳያተሞች የሲሊካ ቅርፊት ያላቸው ደቂቅ አልጌዎች ናቸው፤ ዝርያቸው ውኃው ጨዋማ፣ ጥቂት ጨው ያለው ወይም ጨው የሌለው እንደነበረ ይነግራል። ፎራሚኒፌራ የሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት በ63 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺህኛ ነው) ወንፊት ታጥበው ይለቀማሉ። ትሮካሚና ኢንፍላታና ጃዳሚና ማክሬሰንስ ከበዙ ቦታው ባሕሩ ሲሞላ ብቻ የሚነካው ከፍ ያለ ረግረግ ነበር። አሞኒያ የሚባለው ወገን (ከጋዙ ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው) ከበዛ ደግሞ ላጉን ወይም የወንዝ አፍ ነበር። ላጉን ከባሕሩ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚያወሩት እነዚህ ናቸው።

*የመሬቱ ምስክሮች።* የአበባ ብናኝ ለማውጣት ደለሉን በጠንካራ አሲዶች ማሟሟት ያስፈልጋል። ከእነሱ አንዱ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው፤ በቆዳ ገብቶ እስከ አጥንት የሚጎዳ ስለሆነ ለዚሁ ከተዘጋጀ ላቦራቶሪና ከሠለጠነ ሰው ውጭ አይነካም። ከማሟሟቱ በፊት ቁጥሩ የታወቀ የላይኮፖዲየም ስፖር (የአንድ አበባ አልባ ተክል ዘር መሰል ብናኝ) ጡባዊ ጨምሩ፤ በማይክሮስኮፕ ስትቆጥሩ ከስፖሩ ጋር በማነጻጸር የብናኙን ትክክለኛ ብዛት ታሰላላችሁ። በአንድ ናሙና ከ300 ብናኝ በታች አትቁጠሩ።

ከሰል በተመሳሳይ ናሙና ይቆጠራል። ከ125 ማይክሮን የሚበልጠው ከቅርብ እሳት፣ ደቃቁ ከሩቅም የመጣ ሊሆን ይችላል። የአበባ ብናኝና ከሰል ሲገናኙ ምን እንደሚሉ በኒው ዚላንድ በግልጽ ይታያል። ደሴቶቹ እስከ 13ኛው መቶ ዘመን ገደማ ሰው አልነበረባቸውም። ከዚያ በብዙ ዓምዶች ላይ የከሰሉ መጠን በድንገት ይወጣል፣ የጫካ ዛፎች ብናኝ ይወርዳል፣ በተቃጠለ መሬት ላይ የሚበቅል ፈርን የተባለ ተክል ስፖር ይተካዋል። በ1314 (12 ዓመት ቢበዛ ወይም ቢያንስ) የወረደው የካሃሮዋ እሳተ ገሞራ አመድ ደግሞ በሰሜኑ ደሴት ደለል ውስጥ እንደ ነጭ መስመር ይገኛል፤ የሰፊው ቃጠሎ ምልክት በአብዛኛው ከዚያ መስመር በላይ ወይም እምብዛም ሳይርቅ ከሥሩ ነው። በአሜሪካው ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ አውሮፓውያን ሰፋሪዎች ጫካውን ሲመነጥሩ ራግዊድ የተባለው አረም ብናኝ በድንገት ይበዛል፤ ተመራማሪዎች ያንን ከፍታ ራሱን እንደ ቀን ምልክት ይጠቀሙበታል።

*የሰው እጅ።* እርሳስ፣ መዳብና ዚንክ የማቅለጥና የከተማ ኑሮ ምልክቶች ናቸው። ግን ደቃቅ ሸክላ ከአሸዋ ይልቅ እነዚህን ብረታ ብረቶች በብዛት ይይዛል፤ ስለዚህ የእርሳስ መጨመር የጭቃው መድቀቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው በአሉሚኒየም ማካፈል ነው። በናሙናው እርሳስ 60 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ አሉሚኒየም 6 በመቶ ይሁን፤ ሰው ከመምጣቱ በፊት ባለው ንብርብር እርሳስ 20፣ አሉሚኒየም 8 በመቶ ይሁን። 60 ለ6 አሥር፣ 20 ለ8 ሁለት ነጥብ አምስት፤ 10 ለ2.5 አራት። እርሳሱ 3 እጥፍ የጨመረ መስሎ ነበር፣ በእርግጥ 4 እጥፍ ነው።

የእርሳስ አይሶቶፖች (ክብደታቸው የሚለያይ የእርሳስ አቶሞች) ደግሞ እርሳሱ ከየትኛው ማዕድን እንደመጣ ሊጠቁሙ ይችላሉ። በኔፕልስ ወደብ ደለል ውስጥ በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ የአይሶቶፖቹ ጥምርታ ይቀየራል፤ ተመራማሪዎቹ የተጎዳው የውኃ መስመር ከሌላ ቦታ በመጣ እርሳስ እንደተጠገነ አድርገው ተርጉመውታል። የቧንቧ ጥገና በጭቃ ተመዝግቦ መገኘቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ኮፕሮስታኖል የሚባለው ስብ መሰል ውሕድም በሰው ዓይነ ምድር ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ፣ ብረት የማያቀልጥ ሕዝብ እንኳ በአካባቢው መኖሩን ሊያጋልጥ ይችላል።

6. ዕድሜውን ለኩ

ለሺህ ዓመታት የሚያገለግለው ካርቦን 14 (ሕያው ነገር ከሞተ በኋላ ቀስ በቀስ እየጠፋ የሚሄድ ጨረር አመንጪ ካርቦን) ነው፤ ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ) 5,730 ዓመት ሲሆን እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ይደርሳል። ምን እንደምትልኩ ተጠንቀቁ። የምመርጠው ቅደም ተከተል፦ በመጀመሪያ ዘርና ቅጠል፣ ቀጥሎ ቀጭን ጭራሮ፣ ከዚያ ከሰል፣ ከዚያ ዛጎል፣ ሌላ ከጠፋ ብቻ ደፍን ጭቃ። የወፍራም ግንድ ከሰል ከእሳቱ በፊት በመቶዎች ዓመታት የሞተ እንጨት ሊሆን ይችላል። ደፍን ጭቃ ውስጥ ከተራራ የወረደ አሮጌ ካርቦን አለ። የባሕር ዛጎል ደግሞ በአማካይ 400 ዓመት ያህል አርጅቶ ይታያል፣ መጠኑም እንደየባሕሩ ይለያያል፤ ስለዚህ ለባሕር ናሙና በተዘጋጀው፣ ማሪን 20 በተባለው የማስተካከያ ሠንጠረዥ መስተካከል አለበት። የየብሱ በሰሜን ንፍቀ ክበብ በኢንትካል 20፣ በደቡብ በኤስ ኤች ካል 20 ይስተካከላል።

በዘርፉ “ከአሁን በፊት” ሲባል “አሁን” 1950 ነው። ውጤቱን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚመልስ ሰው መጀመሪያ ይህንን፣ ቀጥሎ የ7 ወይም የ8 ዓመቱን ልዩነት ያስብ።

ላለፉት 100 እስከ 150 ዓመታት እርሳስ 210ን ተጠቀሙ፤ ግማሽ ዕድሜው 22 ዓመት ገደማ ነው። ውጤቱን በሲዚየም 137 አረጋግጡ፤ ይህ ከኒውክሌር ሙከራ የመጣ በመሆኑ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ብቅ ብሎ በ1963 ጣሪያ ይነካል። ሸርጣን የበዛበት ማንግሮቭ ከሆነ ግን ጣሪያው ተደባልቆ ሊጠፋ ይችላል።

ቀኖቹን በቤከን ወይም በኦክስካል ሶፍትዌር አገጣጥሙ። በምላጭ የተቆረጠ ድንበር ካለ ለሶፍትዌሩ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት የጠፋውን ዘመን በቀጥታ መስመር ሞልቶ ያሳያችኋል።

7. ሰው ነው ወይስ ተፈጥሮ?

መጀመሪያ ብዛትን (በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ያለውን) ከፍሰት (በየዓመቱ ከሚወድቀው) ለዩ። በታችኛው ንብርብር በሴንቲ ሜትር ኩብ 100 ቅንጣት ከሰል አለ፣ ደለሉም በዓመት 0.05 ሴንቲ ሜትር ይከማቻል እንበል፤ በየዓመቱ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 5 ቅንጣት ወድቋል። በላይኛው 50 ቅንጣት ብቻ አለ፣ ግን ደለሉ በዓመት 0.2 ይከማቻል፤ በየዓመቱ 10 ወድቋል። ብዛቱ በግማሽ ሲቀንስ እሳቱ እጥፍ ሆኗል። ጎርፍ ያመጣው አፈር ነው ከሰሉን ያሳሳው።

ከዚያ የማን እግር እንደቀደመ እዩ። የሰው ምንጣሮ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከሰል ይቀድማል፣ የዛፍ ብናኝ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ከየብስ የሚመጣው ቲታኒየምና የደለሉ ፍጥነት ይጨምራሉ። የባሕር ከፍታ ከሆነ ዳያተሞቹና ፎራሚኒፌራዎቹ ቀድመው ይለወጣሉ። ሁሉም በአንድ ዓምድ ውስጥ ስለሆኑ ይህ ቅደም ተከተል በቀን ስሕተት አይናወጥም፤ ለዚህ ነው ከቀኑ ይልቅ የማምነው። ድርቅ ቢሆንስ ከተባለ ሰው ካልሰፈረበት ጎረቤት ተፋሰስ ሌላ ዓምድ አውጡ። እዚያም ያው ለውጥ በተመሳሳይ ጊዜ ከታየ ተጠያቂው ሰው ብቻ አይደለም።

አንዳንዴ መልሱ ሁለቱም ነው። ታላቁ እስክንድር በ332 ቅ.ል.ክ. የደሴት ከተማዋን ጢሮስን ለመያዝ ከየብስ እስከ ደሴቷ ድልድል ሠራ፤ አሸዋ በሁለቱ ጎኖቹ ተከማችቶ ጢሮስ እስከ ዛሬ ከየብስ ጋር እንደተያያዘች ናት። የአካባቢው ደለል ሲመረመር ግን ድልድሉ ከመሠራቱ በፊት ደሴቷ ሞገዱን ስለምትከልል በመካከሉ ጥልቀት የሌለው የአሸዋ ጀርባ ተፈጥሮ ነበር። በሪፖርታችሁ ላይ እንዲህ ያለውን ውጤት አንዱን ወገን መርጣችሁ አታጥቡት፤ ሁለቱን ድርሻ ለየብቻ ጻፉ።

8. አስረክቡ

ያልተነካውን ግማሽ የት እንዳስቀመጣችሁ፣ የጉድጓዱን መገኛና ከፍታ፣ ጥሬ ቆጠራውን፣ ያልተስተካከለውን የካርቦን 14 ውጤት ከላቦራቶሪ ቁጥሩ ጋር አብራችሁ ስጡ። በእያንዳንዱ ግራፍ ላይ ከዓመቱ ጎን ጥልቀቱን በሴንቲ ሜትር አስገቡ። የማስተካከያ ሠንጠረዡ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፣ ዓመቶቹም አብረው ይንሸራተታሉ፤ 214 ሴንቲ ሜትር ግን 214 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይቆያል።